የሼህ ኢብሮ ድምፅ ያለበት ዲስክ

ሰኞ፣ ሚያዝያ 4 ቀን 2002

ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ከዚያ ዝም። ከዚያ እንደገና ቀጭ። ሃርድ ዲስክ እንደዚህ ሲል እየሞተ ነው። ዛሬ ሙክታር ያመጣው ዲስክ እንደዚያ ነው የሚለው።

ሙክታር የሰርግ ቪዲዮ ቀራጭ ነው። ሱቁ እዚህ ጭሮ ካለው የኮምፒውተር ጥገና ቤቴ አራት በር ብቻ ይርቃል። ሁልጊዜ እየሳቀ ነው የሚገባው፤ ዛሬ ግን ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ከኋላው አንዲት ትልቅ ሴት ተከትለውታል። አዴ ፋጡማ ይባላሉ። ሌሊት ተነስተው ከቦኬ ነው የመጡት፤ የቀሚሳቸው ጫፍ ጭቃ በጭቃ ሆኗል።

ነገሩን እንዳልረሳው በቅጡ ልጻፈው።

የአዴ ፋጡማ ልጅ አብዲ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። የዛሬ ሦስት ዓመት ወደ ቦኬ በሚያወርደው ቁልቁለት ላይ መኪናው ተገለበጠና ጓደኛው ረመዳን ሞተ። ሁለቱ ያን ዕለት ጠዋት ተጣልተው ስለነበር የረመዳን ወንድሞች «ሆን ብሎ ነው የገደለው» አሉ። አብዲ ሸሸ። አሁን ድሬዳዋ ነው ያለው፤ እናቱ በስልክ ድምፁን ከመስማት በቀር ከዚያ ወዲህ አይተውት አያውቁም።

የረመዳን አባት ሼህ ኢብሮ መኪናው ውስጥ አብረው ነበሩ። ሦስት ዓመት አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ባለፈው ጥር አንድ ሰርግ ላይ ሙሽሮቹን ሲመርቁ ግን ድንገት ስለ አብዲ ተናገሩ። ከበሮው እየተመታ ስለነበር ሕዝቡ አልሰማም። ማይኩ አፋቸው ሥር ስለነበር ሙክታር በጆሮ ማዳመጫው ሰማ። ሼሁ ወር ሳይሞላቸው አረፉ።

ሙክታር «ሼሁ አብዲ አልገደለም ብለዋል» ብሎ ሲናገር የረመዳን ወንድሞች ውሸታም አሉት። ነገሩ ሽማግሌ ፊት ቀረበ። ሽማግሌዎቹ «ቅዳሜ እንቀመጣለን፤ የሼሁን ድምፅ በጆሯችን አሰሙን» ብለዋል። ለሙሽሮቹ የተሰጠው ሲዲ ላይ ዘፈን ተደርቦበታል፤ የሼሁ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፣ ድምፃቸው የለም። የካሜራው ካሴት ላይ ሌላ ሰርግ ተቀርጾበታል። የቀረው ይሄ ዲስክ ብቻ ነው።

አዴ ፋጡማ ሁለት እጄን ይዘው «ልጄ፣ ከአላህ በታች አንቺ ነሽ» አሉኝ። እንደዚያ ባይሉኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን ለማንም ያልነገርኩትን ልጻፍ። እነሱ ከሄዱ በኋላ ዲስኩን ከኮምፒውተሬ ጋር አገናኘሁት። ዊንዶውስ ብዙ ቆይቶ አየውና «ፎርማት ይደረግ?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ሁሉን ጠርጌ እንደ አዲስ ላዘጋጀው ማለቱ ነው። አይሆንም አልኩት። ይሄን በትክክል ነው ያደረግኩት። ቀጥሎ ግን እጄ እንደለመደው የዲስክ ማስተካከያውን አስነሳሁ። ለጤነኛ ዲስክ ጥሩ ነው፤ እየሞተ ላለ ዲስክ ግን መርዝ ነው። ይሄን ሁለት ዓመት ኮሌጅ ተምሬዋለሁ። ስክሪኑ ላይ «ተሰረዘ፣ ተሰረዘ» የሚል መስመር ተንጋጋ። ገመዱን ነቀልኩት።

የሙክታር ፎልደሮች አሁን የሉም። ስማቸው በሚሰረዙት መስመሮች ውስጥ ሲያልፍ አይቻለሁ።

ጌታ ሆይ፣ ምን አደረግኩ?

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 5

ቁርስ ሳልበላ ሱቁን ከፈትኩ።

ራሴን ለማረጋጋት የማውቀውን ጻፍኩ። ዲስክ ላይ የሚጻፈው ሴክተር በሚባሉ ትንንሽ ክፍሎች ነው። ፎልደሩ ቢጠፋም የቪዲዮው ሴክተሮች እዚያው ሊኖሩ ይችላሉ። ዊንዶውስ ግን ወደ ሴክተሩ በቀጥታ አያደርሰኝም፤ መሃል ቆሞ «ፋይል አለ፣ ፋይል የለም» ብቻ ነው የሚለኝ። ስለዚህ ከእሱ ሥር ወርዶ ዲስኩን ራሱን የሚያናግር ፕሮግራም ያስፈልገኛል።

የዲስክ መመርመሪያ ሲዲ አለኝ። ከዊንዶውስ በፊት በነበረው በዶስ ነው የሚነሳው፤ ያ ጥቁር ስክሪን፣ ነጭ ፊደል። አስነሳሁት።

«ምንም ዲስክ አልተገኘም።»

ሞተ ብዬ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ደንበኛ መጥቶ በሩን ሲያንኳኳ እንኳ አልተነሳሁም። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፦ የራሴ ኮምፒውተር ዲስክስ? እሱም እኮ ዝርዝሩ ውስጥ የለም! እሱ ደግሞ ጤነኛ ነው። እንግዲህ የታወረው ፕሮግራሙ ነው ማለት ነው። ዶስ አሮጌ ነው፤ አዲሱን የዲስክ መቆጣጠሪያ አያውቀውም። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ባዮስ በሚባለው የመነሻ ማስተካከያው ውስጥ ገብቼ መቆጣጠሪያው እንደ ድሮው ዓይነት እንዲሠራ ቀየርኩት። እንደገና ሲዲውን አስነሳሁ።

ሁለቱም ዲስኮች መጡ። ጮህኩ መሰለኝ፤ ጎረቤቴ ጫማ ሰፊው ሰውዬ አንገቱን አስግጎ አየኝ።

ደስታዬ ዕድሜ አላገኘም። ዲስኩ ስለራሱ የሚይዘውን መዝገብ ከፈትኩ። ማንበብ ያቃተው ሴክተር ብዙ ነው። ትንሽ ቆይቼ ሳየው ጨምሯል። እያየሁት ይሞታል። ፕሮግራሙ ደግሞ «ልጠግነው?» አለኝ። ጥገና ማለት የማይነበበውን ሴክተር በባዶ መሙላት ነው፤ ዲስኩ ይድናል፣ የሼሁ ድምፅ ይጠፋል። ጣቴን ከኪቦርዱ ላይ አንስቼ እጄን ብብቴ ውስጥ ከተትኩ። ዛሬ እጄን አላምነውም።

በዚህ ላይ የራሴ ዊንዶውስ አልነሳ አለ። ሰማያዊ ስክሪን። የእኔንም አጠፋሁት ብዬ እንባዬ መጣ። ባዮሱን ወደነበረበት ስመልሰው ተነሳ። ምክንያቱን ሳስበው ግልጽ ነበር፤ መቆጣጠሪያውን ስቀይርበት መግቢያው ጠፍቶት ነው። ለሌላ ሰው በሳቅ የማስረዳው ነገር ነው። ፍርሃት ግን ሰውን ያደነዝዛል።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 6

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አንድ ሰው መጣ። ረዥም፣ ሽርጥ የለበሰ፣ ዱላ የያዘ፣ አርባ ዓመት የሚሆነው። ሰላምታ የለም።

«የአባቴ ድምፅ ያለው ዲስክ አንቺ ጋ ነው?»

ጀማል ነው፤ የሟቹ የረመዳን ታላቅ ወንድም። ድሬዳዋ ሁለት ጊዜ ሄዶ አብዲን ሲፈልግ እንደነበር ሙክታር ነግሮኛል። ዲስኩ ጠረጴዛው ላይ፣ ከፊቱ ነበር። ዓይኔን ወደዚያ እንዳላዞር ስጠነቀቅ አንገቴ ደረቀ።

«ይገኛል?» አለ።

«አላውቅም። እየሞከርኩ ነው።»

«ካልተገኘ ለእኔ ንገሪኝ። ለሌላ ሰው ሳትናገሪ፣ መጀመሪያ ለእኔ።»

«ለምን ለእርስዎ?»

ወንበር ስቦ በሩ ላይ ተቀመጠና እስከ ቀትሩ የዙሁር ሰላት ድረስ መንገዱን አየ። ደንበኞች እሱን እያዩ ተመለሱ። እኔ ያልተበላሸ ፕሪንተር ፈትቼ ገጠምኩ፤ ሌላ ምን ላድርግ?

ሲሄድ ለባሌ ለተስፋዬ ደወልኩ። ሂርና ነው የሚያስተምረው፤ ዓርብ ማታ ማታ ነው የሚመጣው። «መልሺላቸው። የሰው ደም ጣጣ ውስጥ ምን አገባሽ?» አለኝ። እውነቱን ነው። ግን ብመልስላቸው የተሰረዘውን እንደተሰረዘ ነው የምመልሰው። የሰረዝኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

ከሰዓት የሊኑክስ ሲዲ ከሳጥኑ ውስጥ ፈልጌ አወጣሁ። በኮሌጅ አብራኝ የተማረችው ሰብለ ናት ከአዳማ የላከችልኝ። ሊኑክስ እንደ ዊንዶውስ ያለ ሌላ ሥርዓት ነው፤ አዲሱንም አሮጌውንም መቆጣጠሪያ ያውቃል፤ ካላዘዝኩት በቀር ዲስኩ ላይ አይጽፍም። ውስጡ ሴክተር በሴክተር የሚገለብጥ ፕሮግራም አለ። መጀመሪያ በቀላሉ የሚነበበውን ይወስዳል፣ የታመመውን ይዘላል፣ በኋላ ተመልሶ ይለማመጠዋል። የደረሰበትን ደግሞ መዝገብ ላይ ይጽፋል። መገልበጫ እንዲሆን ፊልሞቼ የነበሩበትን ትልቁን ዲስክ ባዶ አደረግኩት።

ከመጀመሬ በፊት የትኛው ምንጭ፣ የትኛው መድረሻ እንደሆነ አምስት ጊዜ አየሁ። ቢቀያየርብኝ ባዶውን በሼሁ ድምፅ ላይ እጽፈዋለሁ። መለያ ቁጥራቸውን ወረቀት ላይ ጽፌ ጮክ ብዬ አነበብኩ። ከዚያ ኢንተር።

ሄደ። ቀጭ ይላል፤ ግን ይሄዳል።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 7

መብራት ጠፋ። ሠላሳ ሰባት በመቶ ላይ።

መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየኝ ዩፒኤስ ጲፕ ጲፕ ሲል የሞት ደወል መሰለኝ። ባትሪው አርጅቷል፤ ብዙ አይቆይም። ፕሮግራሙን በሥርዓት አቆምኩት፣ ሁሉንም አጠፋሁ፣ ከዚያ በጨለመው ሱቅ ውስጥ ቆሜ ዝናቡን ሰማሁ።

መብራቱ ከሰዓት መጣ። ዲስኩ ግን አልመጣም። ኮምፒውተሩ አላየውም። አጠፋሁ፣ አበራሁ፣ የለም። ሙክታር ገባ። የሆነ ሰው ነግሮት ነው መሰለኝ «ፌስታል ውስጥ አድርገን ፍሪጅ እንክተተው» አለኝ። ውሃ ይቋጥራል አልኩት። «ታዲያ ምን ይሻላል?» አለ። «እንጠብቅ» አልኩ። ተቀመጥን።

ስንጠብቅ አላስቻለኝም። የሰኞውን ነገርኩት። ማስተካከያውን እኔ እንዳስነሳሁት፣ ፎልደሮቹን እኔ እንዳጠፋሁ፣ ሦስት ቀን ሙሉ እንደደበቅኩት። ይጮህብኛል ብዬ ትከሻዬን ሰበሰብኩ።

ሙክታር ግን ወደ ዲስኩ ጠቆመ። ከዚያ «እኔ ነኝ የጣልኩት» አለ። ከገለምሶ ሲመለስ ሚኒባስ ላይ ዲስኩ ከጭኑ ተንሸራቶ ብረቱ ላይ ወድቋል። እሱም ለማንም አልተናገረም፤ ለአዴ ፋጡማ «በራሱ ጊዜ ነው የተበላሸው» ብሏቸዋል።

«ራሄል፣ ቅዳሜ ሽማግሌ ፊት ምን ልበል?» አለኝ።

«እውነቱን» አልኩት። ለማለት ቀላል ነው።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ዲስኩ ታየ። ማረፍ ፈልጎ ነበር መሰለኝ። መዝገቡ ካቆመበት ሠላሳ ሰባት በመቶ ላይ ቀጠለ። ሌሊቱንም እንዲሠራ ትቼው ልሄድ ነው። በሩ ላይ ሁለት ቁልፍ አደርጋለሁ። ጀማል ዛሬ አልመጣም፤ አለመምጣቱ ደግሞ የባሰ አስፈራኝ።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 8

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሱቁን ከፈትኩ። ቁልፎቹ እንዳሉ ናቸው። መብራት አለ። ቅጂው አልቋል! ከጥቂት ቦታ በቀር ሁሉም ተነቧል።

ዋናውን ዲስክ አወጣሁት። ከዚህ በኋላ የምሠራው ቅጂው ላይ ነው። ያለ ፎልደር፣ ያለ ስም፣ ቪዲዮ የሚመስለውን ሁሉ ከሴክተሩ ላይ የሚለቅም ፕሮግራም ሰጠሁት። ፋይሎቹ በቁጥር ስም ወጡ። ሙክታር መጣና አንድ በአንድ መክፈት ጀመርን። የሰው ሰርግ፣ የሰው ሰርግ፣ ምርቃት፣ ግማሽ ሙሽራ፣ አረንጓዴ ስክሪን።

አራት ሰዓት ላይ ጀማል ገባ። ዱላውን በሩ ላይ አስደገፈና ከኋላዬ ቆመ። ትንፋሹ ይሰማኛል። ሙክታር እጁ ቆመ። «ቀጥሉ» አለ ጀማል።

ቀጥሎ በከፈትነው ፋይል ላይ ሼህ ኢብሮ ነበሩ። ነጭ ኮፍያ፣ ቀይ ጺም። ጀማል ከኋላዬ «አባ» አለ፤ ለእኛ አልነበረም።

ሼሁ ሙሽሮቹን መረቁ፣ ሳሉ፣ ከዚያ በኦሮምኛ እንዲህ አሉ፦ አንገቴ ላይ ያለ ነገር አለ፤ ያን ቀን መኪናው ውስጥ ነበርኩ። «አብዲን ዺጋ…»

ቅርርርር። ምስሉ አራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን ሆነ። ድምፁ ሲመለስ «አላህ ይቅር ይበለን» እያሉ ነው።

ዺጋ ደም ነው። «ዺጋ ቀባ» ካሉ አብዲ ደም አለበት። «ዺጋ ሂን ቀቡ» ካሉ ደም የለበትም። ሁለቱን የሚለየው የመጨረሻው ቃል ያልተነበበው ቦታ ላይ ቀረ። ሙክታር «የለበትም ነው ያሉት፣ ወላሂ ሰምቻለሁ» አለ። ጀማል «አንተ ሰምተሃል። እኔ አልሰማሁም» አለው።

ጁምዓ ደርሶ ሁለቱም ወደ መስጊድ ሄዱ። ጎን ለጎን አይደለም።

ብቻዬን ቀረሁ። የቀረው ምርጫ ዋናውን ዲስክ እንደገና መልሶ ማብራት ነው። በዚያው ሊሞት ይችላል፤ ግን ከሞተም ያልተነበበውን ብቻ ነው የማጣው። ያልተነበበው ነው ግን የሚፈለገው። ጸለይኩ። ከዚያ ፕሮግራሙን በዚያች ቁስል ላይ ብቻ እንዲሠራ፣ ያውም ከኋላ ወደፊት እንዲያነብ አዘዝኩት። አንዳንዴ የዲስኩ ማንበቢያ ጭንቅላት በፊት በኩል ማለፍ ያቃተውን ከኋላ ሲመጣ ያነበዋል። ሰብለ ናት ያስተማረችኝ።

ቀጭ፣ ቀጭ። አንድ ሴክተር። ረዥም ዝምታ። ሦስት ሴክተር። ከዚያ ሲጢጥ የሚል፣ ሰምቼው የማላውቀው ድምፅ አሰማና ቆመ። ከዚያ በኋላ አልተነሳም።

ሁለቱም ሲመለሱ አዲሱን ከፈትኩ። ለብቻዬ ልሰማው አልደፈርኩም ነበር። ምስሉ አሁንም የተሰባበረ ነው። ድምፁ ግን፣ እየተቆራረጠም ቢሆን፣ መጣ፦

«…ዺጋ ሂን ቀቡ። መሪውን የጎተተው ልጄ ረመዳን ነው፤ ፍየል አይቶ ደንግጦ። ዝም ያልኩት አፍሬ ነው። አላህ ይቅር ይበለን።»

ጀማል መሬት ላይ ቁጢጥ አለ።

«ትንሽ ወደኋላ መልሽው» አለኝ። መለስኩት። «እዚያ ጋ፣ ሲስል።» ሳሉን ሦስት ጊዜ አሰማሁት። ፊቱን በሽርጡ ጠረገ።

«ቤታችን ውስጥ የአባቴ ድምፅ የትም የለም። እናቴ በየቀኑ ተገኘ ወይ ትለኛለች። ካልተገኘ እንዴት ብዬ ልንገራት ብዬ ነው መጀመሪያ ለእኔ ንገሪኝ ያልኩሽ።» ቀጥሎ ደግሞ «የምፈልገው ግን ይሄን ቃል አልነበረም» አለ። «አብዲን ድሬዳዋ ባገኘው ኖሮ…» አልጨረሰውም።

ቅጂ ጠየቀኝ። ሰጠሁት። ሲወጣ «እግዜር ይስጥልኝ» አለ። ነገ ሽማግሌ ፊት ምን እንደሚል ግን አልነገረን፤ እኛም መጠየቅ ፈራን።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 9

ሙክታር ላፕቶፑን ይዞ ንጋት ላይ ወደ ቦኬ ሄደ። እኔም በሁለት ሲዲ ላይ ጽፌ ሰጥቼዋለሁ። ሽማግሌዎቹ በሚቀመጡበት ቦታ ስልክ አይሠራም፤ ኔትወርክ የለም።

ተስፋዬ ቤት ነው። ትናንት ማታ ሲመጣ ሁሉንም ነገርኩት፤ የሰኞውንም ጭምር። አልተቆጣኝም። ዛሬ ስልኬን በየደቂቃው ሳይ ግን «አስቀምጪው» እያለ ከእጄ ይወስድብኛል፣ ቆይቶ ራሱ ያየዋል።

ምን ምን ፈራሁ? ጀማል ቢክድ። ላፕቶፑ ባትሪ ቢጨርስ። ወንድሞቹ ሙክታርን ቢመቱት። ሙክታር ዲስኩን ስለ መጣሉና ስለ እኔ ስህተት ሲናገር ሽማግሌዎቹ «እንግዲያ ተነካክቷል» ብለው ድምፁን ባይቀበሉት።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደወለ። ከግማሽ በላይ አይሰማም፤ የያዝኩት ይሄን ነው። ሽማግሌዎቹ ሦስት ጊዜ ሰሙት። ሙክታር እውነቱን ተናገረ። የጀማል ታናሽ ወንድም ተነስቶ «ኮምፒውተር የሰው ድምፅ ይሠራል፣ እነሱ ፈጥረውት ነው» አለ። ሰዉ አጉረመረመ። ጀማል ተነሳና «ድምፁ ከዲስኩ ሲወጣ እዚያው ነበርኩ። የአባታችንን ሳል አንተ አታውቀውም?» አለው። ወንድሙ ተቀመጠ።

ተስፋዬ እጄን ያዘኝ።

እሁድ፣ ሚያዝያ 10

ቸርች ሄጄ ስብከቱ አልገባኝም፤ መዝሙሩን ግን ዘመርኩ።

ስወጣ አዴ ፋጡማ ደወሉ። ሽማግሌዎቹ አብዲ ይመለስ ብለዋል። ለእርቁ ሌላ ቀን ተቀጥሯል። አብዲ ግን ስልክ ላይ «ወጥመድ ነው፣ አልመጣም» ብሎ አለቀሰ። ሦስት ዓመት ሸሽቶ በአንድ ቀን እንዴት ይመን? ስለዚህ ጀማል «እኔ ራሴ አመጣዋለሁ» ብሎ ንጋት ላይ ተነስቷል። ሂርና ላይ ይገናኛሉ።

ከዚያ አዴ ፋጡማ ጠየቁኝ፦ «ራሄል፣ ልጄን ለእሱ መስጠቴ ልክ ነው?»

ምን ልበላቸው? የሰውየውን እንባ አይቻለሁ። «ባገኘው ኖሮ» ሲልም ሰምቻለሁ። ሁለቱም አንድ ሰው ነው።

«ልክ ነው አዴ» አልኳቸው። ስልኩን ዘግቼ ሰዓት መቁጠር ጀመርኩ።

ስምንት ሰዓት ሆነ። ዘጠኝ። ዘጠኝ ከሩብ ላይ ስልኩ ጠራ። የማላውቀው ቁጥር ነው፤ ወጣት ድምፅ።

«እህቴ፣ አብዲ ነኝ። በጀማል ስልክ ነው። ሂርናን አልፈናል። ሚኒባሱ ሞልቶ ነበር፤ ለእኔ ወንበር ለቆልኝ እሱ ሞተሩ ላይ ተቀምጧል።» ከኋላ የጀማል ድምፅ ተሰማኝ፦ «ለእናትህ እንድትደውል ንገራት እንጂ ምን ታወራለህ?»

ቀጥሎ መስመሩ ተቋረጠ። ዝናብ እየዘነበ ነው፤ ገና ጭሮ አልደረሱም፤ ከጭሮ እስከ ቦኬ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። ለአዴ ፋጡማ ደወልኩና «አብረው ናቸው» አልኳቸው።

«አብረው?» አሉ።

«አብረው።»

ጃኬቴን ለብሼ ወደ መናኸሪያ ልወርድ ነው። ሲደርሱ በዓይኔ ካላየሁ ዛሬ አልቀመጥም።